ጎጥ በጎጥ፦ በላስታ የአደጋ ስጋትን የመመዘኛ መንገድ

«የወረዳው የዘንድሮ ዝናብ መካከለኛ ነው» የሚል ዘገባ ደጋግመው ሰምተው ይሆናል። በሰሜን ወሎዋ ላስታ ይህ አባባል ለማንም አይሠራም። የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ ላሊበላ ከተማ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ የሹምሸሃ አውሮፕላን ማረፊያ ደግሞ 2,000 ሜትር አካባቢ ነው። ከዚያ ወዲያ ወደ ተከዜ የሚወርደው ቆላ አለ። ከላይ ገብሱን ውርጭ ሲለበልበው ከታች ማሽላው ውሃ አጥቶ ይጠወልጋል። አንዱን ጎጥ በረዶ ሲያወድመው ከሸንተረሩ ማዶ ያለው ጎጥ ጠብታ ሳያገኝ ይውላል። የሁለቱ አማካይ ሰው የማይኖርበት ወረዳ ነው።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ለግብርና ልማት ሠራተኛ፣ ለቀበሌ ሥራ አስኪያጅ፣ ለትምህርት ቤት መምህር፣ ለእድር ሰብሳቢ፣ ወይም ከከተማ ወደ ትውልድ ቀበሌው ተመልሶ አንድ ቁም ነገር ልሥራ ለሚል ወጣት ነው። የሚፈልገው መሣሪያ ትንሽ ነው፦ ደብተር፣ ገመድ፣ ጥቂት ችካሎች፣ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ ከተገኘም ካርታ የሚያሳይ ስልክ። ትልቁ መሣሪያ እግር ነው። ሐሳቡም አንድ ነው፤ ስጋት ከታች፣ ከጎጥና ከቤተሰብ ተነሥቶ ይመዘናል፤ የወረዳው ሥዕል መጨረሻ ላይ ይደርሳል። ከላይ ወደ ታች የተሠራ ግምገማ ብዙ ጊዜ የሚያበቃው በእህል ኮታ ክፍፍል ነው።

1. ጊዜ መምረጥ፣ ወረዳውን መሰንጠቅ

ዋናውን ሥራ ከጥምቀት በኋላ ይጀምሩ። እህሉ ተወቅቶ ጎተራ ገብቷል፤ ሰዉ ፋታ አለው፤ ወንዙ ጎድሏል፤ መሬቱም ሣርና ሰብል ስለለቀቀው ስንጥቁና ቦረቦሩ ይታያል። ሁለተኛውን ዙር በነሐሴ ያድርጉት። በጥር ደረቅ የነበረውን ፈፋ በነሐሴ ሲያዩት ሌላ ቦታ ይመስላል። በጥር ብቻ የተሠራ ግምገማ ጎርፍን ያሳንሳል፤ በነሐሴ ብቻ የተሠራውም ድርቅን ይረሳል።

ከዚያ ወረዳውን በከፍታ ይከፋፍሉት፦ ውርጭና ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ። ከየንብርብሩ ሁለት ሁለት ጎጦች ይምረጡ። ሲመርጡ ግን ከመንገድ ዳር ያለውን ብቻ አይውሰዱ። ከጋሸና ወደ ላሊበላ የሚወስደው መንገድ፣ ወደ ብልባላና ሰቆጣ የሚያልፈው መንገድ፣ የሹምሸሃ ሜዳ መኪና የሚደርስባቸው በመሆናቸው እንግዳው ሁሉ የሚጎበኘው እነሱን ነው። ከመኪና መንገድ የግማሽ ቀን የእግር ጉዞ የሚርቅ ቢያንስ አንድ ጎጥ ከእያንዳንዱ ንብርብር ይኑርዎት።

ቀጥሎ ከሸንተረሩ አናት እስከ ወንዙ በአንድ መስመር ይውረዱ። ሲወርዱ ብቻዎን አይሁኑ፤ አንድ ሽማግሌ፣ አንዲት ውሃ የምትቀዳ ሴት፣ አንድ እረኛ ይዘው ይሂዱ። ሦስቱ የሚያዩት አንድ አይደለም። ሽማግሌው የድሮውን የወንዝ መንገድ ያሳያል። ሴትየዋ የትኛው ምንጭ በየትኛው ወር እንደሚነጥፍ ታውቃለች። እረኛው ደግሞ ከሁሉም በፊት የተሰነጠቀውን መሬት ያገኘዋል፤ ጥጃ የሚሰበርበት እዚያ ነውና። በየመቶ እርምጃው ቆም ይበሉና አፈሩን፣ ሰብሉን፣ ቤቱን፣ ውሃውን ይጻፉ።

2. የክፉ ዓመታት መዝገብ

የዓመታት ዝርዝር ለማውጣት «ድርቅ መቼ መቼ ነበር?» ብለው ቢጠይቁ መልሱ አንድ ነው፦ 77። የ1977 ዓ.ም. ረሃብ ወሎን ያህል የመታው ቦታ ጥቂት በመሆኑ ከፊቱም ከኋላውም ያሉትን ክፉ ዓመታት ሁሉ ውጧቸዋል። ስለዚህ በቀጥታ ድርቁን አይጠይቁ፤ በሚታወቁ ጊዜያት ላይ ያንጠልጥሉት። «ደርግ በገባበት ዓመት ማሳው እንዴት ነበር? ኢሕአዴግ በገባበትስ? ሚሊኒየም ሲከበር? የበኩር ልጅዎ ክርስትና በተነሣበት ዓመት?» እንዲህ ሲጠይቁ ሰው ስለ ድርቅ ሳይሆን ስለ ቤቱ ያወራል፤ ድርቁ፣ በረዶው፣ የከብት በሽታውም ከወሬው ውስጥ ይወጣል።

ለማነጻጸሪያ የሚሆኑ ዓመታት እነሆ። ከ1880 እስከ 1884 የዘለቀው ክፉ ቀን በከብት በሽታ ጀምሮ አራሹን ያለ በሬ አስቀረ። በ1958 ዋግና ላስታ ተራቡ፤ መሀል አገር ግን እምብዛም አልሰማም። በ1965 እና በ1966 የወሎ ረሃብ መጣ። ከዚያ 1977 አለ። በ1994 ክረምት የዝናቡ መጥፋት 1995ን የችግር ዓመት አደረገው። በ2007 ክረምት ኤል ኒኞ ዝናቡን አዛብቶ በ2008 በአገር አቀፍ ደረጃ 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ እርዳታ እንደሚፈልግ ተገለጸ። በ2013 መጀመሪያ የበረሃ አንበጣ ራያ ቆቦን ጨምሮ የሰሜን ወሎን ቆላዎች ወረረ። እርስዎ የሚፈልጉት ግን ከእነዚህ ታላላቅ ዓመታት መሀል የተደበቁትን ትናንሾቹን ነው፤ አንድ ጎጥ ብቻውን የተራበበትን፣ ጋዜጣም ራዲዮም ያላወራለትን ዓመት።

ያለፉትን ሃያ ዓመታት በደብተሩ ላይ ወደ ታች ይደርድሩና ከእያንዳንዱ ዓመት ፊት የመታውን አደጋ፣ የተጎዳውን ሰብል፣ የሸሸውን ሰው ይጻፉ። ሲጨርሱ መቁጠር ቀላል ነው። «ከሃያ ዓመት በሰባቱ ውርጭ ገብሱን መታ» የሚል ዓረፍተ ነገር «ውርጭ አልፎ አልፎ ያጋጥማል» ከሚለው ይልቅ ጉልበት አለው።

መዝገቡን ከዝናብ መረጃ ጋር ያመሳክሩት። ከኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት በአቅራቢያዎ ያለውን ጣቢያ መዝገብ ይጠይቁ። ከ1973 ዓ.ም. ወዲህ ያለውን ዝናብ ከሳተላይት እየገመቱ በነጻ የሚያቀርቡ የመረጃ ቋቶችም አሉ። ይጠቅማሉ፤ ግን ከታወቁት አንዱ የሚሠራው አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ በሆኑ ካሬዎች ነው። አምስት ኪሎ ሜትር በአፋር ሜዳ ላይ አንድ ዓይነት አገር ነው፤ በአቡነ ዮሴፍ ትከሻ ላይ ግን ከገብስ እስከ ጤፍ ያወርዳል። ሳተላይቱና ሽማግሌው ካልተስማሙ ቸኩለው ሽማግሌውን አይሰርዙት። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የሚያወሩት ስለተለያየ ቦታ ነው።

3. ድርቅን በወራት መለየት

የላስታ ድርቅ ዝናቡ ጭርሱን ከመቅረት ይልቅ ጊዜውን በመሳቱ ይመጣል። አራት ጥያቄዎች ለየብቻ ይጻፉ። በልጉ ዘንቧል ወይ? ክረምቱ መቼ ገባ? መሀል ላይ ስንት ቀን ነጠፈ? መቼ ወጣ? ድምሩ ያው ሆኖ በነሐሴ መጨረሻ ብን ብሎ የጠፋ ዝናብ፣ ፍሬ እየቋጠረ ያለውን ሰብል ባዶ ገለባ ያደርገዋል። እስከ መስከረም የቆየው ግን ያድነዋል። የዓመቱን ጠቅላላ ሚሊ ሜትር ብቻ የሚያይ ሰው ሁለቱን ዓመታት አንድ ያደርጋቸዋል።

በልግን እንደ ተራ ነገር የሚያልፉ ባለሙያዎች አሉ፤ «ላስታ የመኸር አገር ነው» ይላሉ። እውነትነት ቢኖረውም በልጉ ሲቀር ሦስት ነገሮች አብረው ይቀራሉ። ከፍ ባለው ደጋ ላይ የበልግ ገብስ ይቀራል። ለክረምቱ እርሻ በሬዎቹን የሚያበረታው ሣር ይቀራል። በቆላውም በሚያዝያና በግንቦት መዘራት የነበረበት ረጅም ጊዜ የሚፈልገው ማሽላ ይቀራል። ገበሬው ያኔ ወደ ጤፍ፣ ወደ ሽምብራ፣ ቶሎ ወደሚደርስ ዘር መዞር አለበት። ዘሩ በቤቱ አለ ወይ? የግምገማው ጥያቄ ይህ ነው። የሁለተኛ ዘር ያለው ቤትና የሌለው ቤት በአንድ ሰማይ ሥር እየኖሩ ስጋታቸው ይለያያል።

ለወደፊቱ የራስዎን የዝናብ መለኪያ ይትከሉ። ጎኑ ቀጥ ያለ የሃይላንድ ጠርሙስ ወስደው ወደ አንገቱ መጥበብ ከሚጀምርበት ላይ ይቁረጡት፤ የተቆረጠውን ጫፍ ገልብጠው እንደ ማንቆርቆሪያ አፍ ይግጠሙት። የጠርሙሱ ታች ወጣ ገባ ስለሆነ ጠጠር ይጨምሩና ውሃ አፍስሰው ጎኑ ቀጥ እስከሚልበት ያድርሱት፤ እዚያ ላይ ዜሮ ብለው ያስምሩ። ከዛፍና ከጣሪያ ርቆ ባለ ችካል ላይ በሰው ወገብ ቁመት ይሰሩት። ዘወትር ጠዋት በ3 ሰዓት በማስመሪያ ይለኩ፣ ይጻፉ፣ ውሃውን ወደ ዜሮው ይመልሱ። ይህን ሥራ ለትምህርት ቤት ክበብ መስጠት ለኮሚቴ ከመስጠት ይሻላል። ልጆች ውሎ አበል አይጠይቁም፤ ቀን ማሳለፍም አይወዱም። ብቻ ክረምት ላይ ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ ከግቢው አጠገብ የሚኖር አንድ ልጅ ሐምሌንና ነሐሴን እንዲረከብ ያድርጉ። አለበለዚያ ዝናቡ በሚዘንብበት ወቅት መዝገቡ ባዶ ይሆናል።

የውሃ ምንጮቹንም አንድ በአንድ ይመዝግቡ፦ ስም፣ ስንት ቤት ይቀዳበታል፣ በየትኛው ወር ይቀንሳል፣ ሲነጥፍ ሴቶቹ ወዴት ይሄዳሉ፣ ደርሶ መልሱ ስንት ሰዓት ይፈጃል። ሰዓቱ ዋና ነገር ነው። ለውሃ የሚሄደው ሰዓት ከእርሻው፣ ከልጆቹ ትምህርት፣ ከእንቅልፍ ይቀነሳል።

ውርጭና በረዶ በዚሁ ገጽ ይግቡ፤ አጭር ናቸው። ውርጭ በጥቅምትና በኅዳር ጠርቶ ባደረ ሌሊት ይወርዳል፤ ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ወደ ታች ስለሚፈስ ከተዳፋቱ ይልቅ ጎድጓዳውን ሜዳ ይመታል። ማሳዎቹን በስም ይጠይቁ፤ ገበሬው የትኛው ማሳ ውርጭ እንደሚይዘው ያውቀዋል። በረዶ ግን ቀጭን መስመር ይዞ ስለሚያልፍ በካርታ ላይ መንገዱን ያስምሩ።

4. ቅዳሜ ገበያ

ይህን ክፍል ብዙ መመሪያዎች በአንድ አንቀጽ ያልፉታል። እኔ ከሁሉም በላይ የማምንበት እሱን ነው፤ ምክንያቱም ወሎ ራሷ አስተምራለች። አማርትያ ሴን የተባለው የኢኮኖሚ ሊቅ በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናቱ የ1965ቱን የወሎ ረሃብ ሲመረምር ያገኘው ነገር ያስደነግጣል። በአገር ደረጃ የእህል ምርቱ እጅግ አልወደቀም፤ በደሴ ገበያም የእህል ዋጋ ረሃብ ባለበት ቦታ እንደሚጠበቀው አላሻቀበም። ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የሚወጣ እህልም ነበር። ሰዉ የተራበው እህል የሚገዛበት ስላጣ ነው። ሰብሉ የጠፋበት ገበሬ በሬውንና በጉን ለገበያ አወጣ፤ ሁሉም አብሮ ስላወጣ የከብት ዋጋ ወደቀ። የእህል ዋጋ ብቻ የሚመዘግብ ባለሙያ ያን ዓመት በጠረጴዛው ላይ «ገበያው የተረጋጋ» ብሎ ይጽፍ ነበር።

ስለዚህ እርስዎ ሁለቱን አብረው ይመዝግቡ። ላሊበላ ላይ ቅዳሜ ገበያ ነው፤ በየቀበሌው የራሱ ቀን ያለው ገበያ አለ። ገበያ መሄዱ የማይቀር አንድ ሰው ይምረጡና በየሳምንቱ አራት ቁጥር ያምጣልዎት፦ የመካከለኛ በግ ዋጋ፣ የመካከለኛ ፍየል ዋጋ፣ የአንድ ኪሎ ገብስ ወይም ማሽላ ዋጋ፣ የአንድ ቀን የጉልበት ሥራ ክፍያ። ከዚያ አንድ በግ ስንት ኪሎ እህል እንደሚገዛ ያካፍሉ። ኪሎው ለተከታታይ ሳምንታት እያነሰ ከሄደ የእህሉ ዋጋ ቢወጣም ባይወጣም ችግር እየገባ ነው። የቀን ሥራ ክፍያውን አይርሱ፤ ጥማድ በሬ የሌለው ቤት የሚሸጠው ጉልበቱን ነው።

ከቁጥሩ ጋር የሚታዩትን ምልክቶች ይጻፉ። የምታልብ ላም፣ የሚያርስ በሬ፣ ጊደር ለገበያ ወጥተዋል? ወጣቶቹ ወደ መተማና ወደ ሁመራ የሰሊጥ ሥራ ከወትሮው ቀድመው ወጥተዋል? የቤት ዕቃና የጣሪያ ቆርቆሮ እየተሸጠ ነው? ልጆች ከትምህርት ቤት ቀርተዋል? በግ መሸጥ የተለመደ ነው፤ በሬ መሸጥ ግን የሚቀጥለውን ዓመት እርሻ መሸጥ ስለሆነ ሁለቱን በአንድ ረድፍ አይደምሯቸው።

5. ተዳፋቱና ወንዙ

ናዳን በተመለከተ ከሐምሌ 2016ቱ የጎፋ አደጋ የተሻለ አስተማሪ የለም። በገዜ ጎፋ ወረዳ በኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ከሞቱት ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ጎረቤቶች ነበሩ፤ ሁለተኛው ናዳ መጥቶ ደፈናቸው። ላስታ እንደ ጎፋ ዝናባማ ባይሆንም ጠባዩ ግን አለው፦ ከላይ ጠንካራ ጥቁር ድንጋይ፣ ከሥሩ ውሃ ሲጠጣ የሚለሰልስ አፈር፣ ከሁለቱ መገናኛ የሚወጣ ምንጭ።

በተራራ ወገብ ላይ ያለች ለጥ ያለች ለም ቦታ ብዙ ጊዜ የድሮ ናዳ ያረፈባት ናት። አፈሯ ጥልቅ፣ ውሃዋ ቅርብ ስለሆነ ሰው የሚሰፍረው እዚያ ነው። ጥሩ መሬት ነው ማለት የተረጋጋ መሬት ነው ማለት አይደለም። ቤቶቹን ከላይ ወደ ታች ሲቃኙ የሚከተሉትን ይፈልጉ፤ ከመንደሩ በላይ እንደ ጨረቃ የታጠፈ ስንጥቅ፤ ያዘመመ ዛፍና አጥር፤ በድንገት የፈነዳ ወይም በድንገት የደረቀ ምንጭ፤ ጥርት ብሎ የኖረ ውሃ መደፍረሱ፤ ግድግዳ የተሰነጠቀበትና በሩ አልዘጋ ያለ ቤት። ስንጥቅ ካገኙ ከወዲህና ከወዲያ አንዳንድ ችካል ይምቱ፤ በመሀላቸው ያለውን ርቀት በገመድ ለክተው ይጻፉ። በክረምት በየሳምንቱ፣ ሌሊቱን የዘነበ ዕለት ደግሞ ጠዋቱን ይለኩ። ከሰፋ ከሥሩ ያሉት ቤቶች በዚያው ቀን ይልቀቁ፤ የወረዳ ደብዳቤ አይጠበቅም። ናዳ ከወረደም ለቁፋሮ ከመሄዳቸው በፊት ሁለት ሰው ከላይ ያለውን ተዳፋት እንዲጠብቅና እንዲጮህ መመደቡን አሁኑኑ ከእድሩ ጋር ይስማሙበት።

በጎርፍ በኩል የላስታ አደጋ ድንገተኛ ደራሽ ነው። እዚህ ጠብታ ሳይኖር ከላይ ሸንተረሩ ላይ ዘንቦ ፈፋው በደቂቃዎች ይሞላል። ማሳና ቤት መመዝገቡ እንዳለ ሆኖ መሻገሪያዎቹን ይመዝግቡ፦ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፣ ሰዉ ወደ ገበያና ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ነፍሰ ጡር ወደ ጤና ጣቢያ የሚሻገሩባቸውን። ከእያንዳንዱ መሻገሪያ አጠገብ ውሃው እስከ የት እንደደረሰ ሽማግሌ ጠይቀው በድንጋይ ላይ ቀለም ይቀቡ። አዲስ ትምህርት ቤት ወይም ጤና ኬላ ሲሠራ ሜዳ ስለሆነ ብቻ ወንዝ ዳር የሚተከልበትን ልማድ የሚያስቆመው ይህ ቀለም ነው።

ቦረቦሩንም አይዝለሉት። በአፉ ላይ፣ በሚበላው ጠርዝ በኩል ችካል ተክለው በዓመት ስንት እርምጃ ወደ ላይ እንደተጓዘ ይለኩ። እርከኑና ክትሩ ተሠርቷል ማለት ይሠራል ማለት አይደለም፤ የፈረሰ ክትር ውሃውን አጠራቅሞ አንዴ ይለቀዋል።

ስለ መሬት መንቀጥቀጥ አጭር ልበል። ከወልድያ በታች ወዳለው ስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ሲጠጉ ስጋቱ ይጨምራል፤ የ1953ቱ የካራ ቆሬ መንቀጥቀጥ ማጀቴን ያፈረሰው በዚያው ጠርዝ ላይ ነው። ላስታ ከጠርዙ ራቅ ይላል። የድንጋይ ቤት በጭቃ ብቻ የተያያዘበትን ጎጥ ማስታወሻ ውስጥ ማስገባት ለአሁኑ ይበቃል።

6. አብያተ ክርስቲያናቱና ከተማዋ

አስራ አንዱ የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። አለቱ እሳተ ገሞራ የወለደው፣ ለመፈልፈል የሚመች ድንጋይ በመሆኑ ውሃም ይገባዋል፤ ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቁበት ይሰነጠቃል። ይህን ለመከላከል በ2000 ዓ.ም. በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ቤተ መድኃኔ ዓለምን፣ ቤተ ማርያምን፣ ቤተ አማኑኤልንና ቤተ አባ ሊባኖስን የጋረዱ ትልልቅ መጠለያዎች ቆሙ። አሥር ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በ2011 መጀመሪያ፣ የከተማዋ ሕዝብ አደባባይ ወጣ፤ ነፋስ ቢጥላቸው በሕንጻዎቹ ላይ ይወድቃሉ የሚል ስጋት ነበረው። ለግምገማው የሚጠቅመው ነጥብ ግልጽ ነው። አደጋን ለመከላከል የተሠራ ነገር ሁሉ ራሱ በዝርዝሩ ውስጥ ይግባ፤ መጠለያ፣ ክትር፣ የውሃ ማስተላለፊያ፣ የመንገድ ቱቦ። ዕድሜው፣ ጠጋኙ፣ ቢወድቅ የሚያርፍበት ቦታ ይጻፍ።

ሕዝብ የሚሰበሰብበትን ቀን ከቦታው ጋር ያገናኙት። የገና ዕለት በላሊበላ ያለው ሕዝብና በተራ ማክሰኞ ያለው አንድ አይደለም። ይምርሃነ ክርስቶስ በዋሻ ውስጥ ነው፤ አሸተን ማርያም በገደል አፋፍ ላይ ናት። ጠባብ መውጫ ያለው ቦታ በንግሥ ቀን የሚኖረውን ስጋት ከደብሩ አገልጋዮች ጋር ተቀምጠው ይነጋገሩበት።

ከተማዋ በገጠር ግምገማ ውስጥ ትረሳለች። ነገር ግን ብዙ የገጠር ቤት በከተማ የሚሠራ ልጅ አለው። በ2012 ኮሮና፣ በ2013 መጨረሻ ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት ቱሪስቱን ሲያስቀር የደረቀው ገንዘብ የአስጎብኚው ብቻ አልነበረም።

7. ቤት ለቤት፣ ከዚያ ጠጠር

አሁን ማን ቀድሞ እንደሚወድቅ ይለዩ። በላስታ ቀላሉ መለኪያ በሬ ነው፦ ጥማድ ያለው፣ አንድ ያለው፣ የሌለው። ቀጥሎ መሬቱን ለእኩል የሰጠ ቤት አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ባሏ የሞተባት ሴት ወይም አቅመ ደካማ ሽማግሌ ነው፤ ምርቱ በደህና ዓመት እንኳ ግማሽ ነው። መሬት ያልደረሰው ወጣት፣ የታመመ ያለበት ቤት፣ ከሌላ ቦታ ተፈናቅሎ ዘመድ ጋር የተጠጋም አለ።

እዚህ ላይ አንድ አደገኛ ቦታ አለ። የሴፍቲኔት እርዳታ በ1997 ከተጀመረ ወዲህ ደብተር ይዞ የሚመጣ ሰው ሁሉ መዝጋቢ ይመስላል። መዝጋቢ ከመሰሉ በሬው ሁሉ ይጠፋል፤ ጎተራው ሁሉ ይጎድላል። ሰዉን ውሸታም አይበሉት፤ እርስዎም በቦታው ቢሆኑ ያደርጉት ነበር። መድኃኒቱ ሁለት ነው። ስለ ራሱ ቤት ሳይሆን ስለ ጎጡ ይጠይቁት፦ «ከአሥር ቤት ስንቱ ጥማድ አለው?» የስም ዝርዝርም አይያዙ፤ በዚህ ደረጃ አያስፈልግዎትም። ከመጀመሪያው «ይህ የእርዳታ ምዝገባ አይደለም» ብለው በካህኑ ወይም በጎጡ ሽማግሌ አፍ ያስነግሩ።

ከዚያ ጠጠር ያምጡ። ወንዶችን፣ ሴቶችንና ወጣቶችን ለየብቻ ያስቀምጡ፤ አብረው ከተቀመጡ የሚናገረው አንድ ነው። አደጋዎቹን መሬት ላይ በክበብ ይሳሉና ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሃያ ጠጠር እንዲያከፋፍሉ ያድርጉ። የመጀመሪያው፦ የቱ ደጋግሞ ይመጣል? ሁለተኛው፦ ሲመጣ የቱ ብዙ ቤት ይነካል? ሦስተኛው፦ ከየትኛው ለመነሣት ረጅም ጊዜ ይፈጃል? ሦስተኛው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል። በረዶ ያስደነግጣል፤ ሰብሉ የጠፋበት ግን በሬው ካለ በሚቀጥለው ዓመት ያርሳል። ሁለት ተከታታይ መጥፎ ዓመታት ግን በሬውን ያሸጣሉ፤ ያ ቤት ከዚያ በኋላ በደህና ዓመትም እኩል አራሽ ይሆናል። የወንዶቹና የሴቶቹ ጠጠር ካልተመሳሰለ አያቻችሉት፤ ሁለቱንም እንዳሉ ይጻፉ።

8. ከደብተር ወደ ቢሮ

የጎጡን ውጤት በአንድ ገጽ ያውጡ፦ በእጅ የተሳለ ካርታ፣ ሦስቱ ከባድ አደጋዎች፣ ቀድሞ የሚጎዳው ማን እንደሆነ፣ በጎጡ ያለ አቅም። አቅም ሲባል ደቦው፣ እድሩ፣ የዘር ክምችቱ፣ ኔትወርክ የሚይዝበት ኮረብታ ሁሉ ይቆጠራል። ከገጹ ሥር የማንቂያ ነጥቦችን ያስፍሩ። «ዝናቡ ከዘገየ» አይበሉ፤ ቀንና ቁጥር ይኑረው። ለምሳሌ፦ እስከ ሐምሌ 10 ድረስ ማሳው ካልተዘራ፤ አንድ በግ የሚገዛው እህል ካለፈው ዓመት የዚህ ወር ልክ በግማሽ ካነሰ፤ የችካሎቹ ርቀት በአንድ ሌሊት ከሰፋ። ቁጥሮቹን ጎጡ ራሱ ይወስናቸው። ከእያንዳንዳቸው ፊት ማን ለማን እንደሚደውልና በዚያው ቀን ምን እንደሚደረግ ይጻፍ።

ይህ የማስጠንቀቂያ መስመር ለምን በብዙ እጅ መሆን እንዳለበት 1966 ያስረዳል። ወሎ ሲራብ መንግሥት ዝምታን መረጠ፤ የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በጥቅምት 1966 በቴሌቪዥን ሲታይ ግን ዓለም ሁሉ አወቀ። በዚያን ጊዜ የሞተው ሞቷል። መረጃው በአንድ ቢሮ መሳቢያ ብቻ ከተቀመጠ መሳቢያው ሊቆለፍ ይችላል። ስለዚህ አንዱን ቅጂ ለቀበሌው፣ አንዱን ለትምህርት ቤቱ፣ አንዱን ለደብሩ ይስጡ፤ አንዱ ወደ ወረዳው አደጋ መከላከልና ምግብ ዋስትና ጽሕፈት ቤት ይሂድ።

ወደ ወረዳው ሲሄዱ ጊዜውን ይጠብቁ። የበልግ ግምገማ አብዛኛውን ጊዜ በሰኔ፣ የመኸሩ በኅዳር አካባቢ ይካሄዳል፤ ከአዲስ አበባና ከባሕር ዳር የሚመጡት ቡድኖች የሚቆዩት ጥቂት ቀን ነው። የእርስዎ ገጾች ከሁለት ሳምንት በፊት በባለሙያው ጠረጴዛ ላይ ካሉ ቡድኑ ወዴት እንደሚሄድ ሊወስኑ ይችላሉ፤ ከመንገዱ ዳር ይልቅ ወደዚያ ወደ ሩቁ ጎጥ። ጽሕፈት ቤቱንም አንድ ነገር ይጠይቁ፦ ከ2001 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ሲሠራ የቆየው የወረዳ አደጋ ስጋት መገለጫ ለእርስዎ ወረዳ አለ ወይ? ካለ ዓመቱን ይዩ። ላስታ ከቡግና ጋር አንድ ወረዳ ሳለ የተሰበሰበ ቁጥር ዛሬም በአንዳንድ ሰነድ ውስጥ ይዞራል፤ የቆላውን ቁጥር ለደጋው እንዳያውሉት ወሰኑን ያጣሩ።

ባለሙያው ሲቀየር ሥራው እንዳይቀየር ከደብተሩ ሽፋን ውስጠኛ ገጽ ላይ ሦስት ነገር ይጻፉ፦ የዝናብ መለኪያው የት እንዳለ፣ የትኞቹ ችካሎች የትኛው ስንጥቅ ላይ እንደተተከሉ፣ የገበያውን ቁጥር የሚያመጣው በየትኛው ቀን እንደሆነ። ከሥሩ የሚቀጥለውን የእግር ጉዞ ቀን ያስፍሩ፤ ነሐሴ ላይ፣ ከፍልሰታ ጾም ፍች በኋላ ባለው ሳምንት።